የይፋቱ ሳክስፎንና የእኔ ሦስት ፒክአፖች

ነገሬን ከጣርማ በር ልጀምር። ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ ውስጥ የሚገባው ጋቢውን እንደተከናነበ ነው። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ማቆልቆል ሲጀምር ጋቢው ይወልቃል፤ አርማኒያ ላይ ሹራቡ ይከተላል፤ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ መውረድ ቀልድ አይደለም። እኔ ይህን ቁልቁለት ለመጀመሪያ ጊዜ የወረድኩት በ1986 ዓ.ም. ነው። ከሕግ ፋኩልቲ በተመረቅሁ ማግሥት በዳኝነት ተመድቤ፣ በአንድ እጄ የፍትሐ ብሔር ሕጉን፣ በሌላው እጄ መርካቶ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁትን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዤ።

ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ የመጣ ዳኛ ለከተማው ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆን አልቀረም። ለእኔ ግን ሁለቱም ሥራ ነበሩ። በጊታሩ ላሳካው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የነፉትን ሽለላ በስድስት ክር መጫወት። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ መጀመሪያ ስሰማው መሣሪያ አልመሰለኝም ነበር። ከማዶ ተራራ ላይ ሆኖ የሚጣራ ሰው ነው የመሰለኝ። አድጌ ሳክስፎን መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ያ የልጅነት ስህተቴ አልለቀቀኝም። ሸዋ ሮቢት በገባሁ በሳምንቱ ዜማውን ጣቴ ላይ አገኘሁት። ድምፁን ግን አላገኘሁትም። ድምፁን ስፈልግ ሦስት ፒክአፕ አማርጬ ጨረስኩ፤ በዚያው የባለድምፁን ሕይወት ተማርኩ።

ፒክአፕ ስል ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሮጠውን መኪና ማለቴ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ፒክአፔ ተበላሸብኝ ብዬ ያማከርኩት ሰው በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነበር የመራኝ። የጊታሩ ፒክአፕ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጠመጠማል። የብረት ክሩ ከላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውካል፤ መስኩ ሲታወክ በሽቦው ውስጥ እፍኝ የማትሞላ ኤሌክትሪክ ትፈጠራለች፤ እሷ ናት አምፕሊፋየር ውስጥ ገብታ ጎልታ የምትወጣው። እንደ ማይክሮፎን አየሩን አይሰማም። የሚያውቀው ከፊቱ ያለችውን የክር ቁራጭ ብቻ ነው። በሙያዬ ቋንቋ ልናገርና፣ ፒክአፕ የዓይን ምስክር ነው፤ የቆመበት ቦታ ቃሉን ይወስነዋል። ክሩ ከታሰረበት ከብሪጁ አጠገብ የቆመው፣ እዚያ ክሩ ብዙም ስለማይወዛወዝ፣ ቀጭንና ስል ድምፅ ይመሰክራል። ወደ ጊታሩ አንገት የተጠጋው ክሩ ዘና ብሎ ሲወዛወዝ ያያልና ቃሉ ወፍራምና ክብ ነው። መሀል ያለው እንደ ስሙ መሀል ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

የእኔ ጊታር ሦስቱም ነበሩት፤ የፌንደር ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስትራቶካስተር አስመስለው ከሠሯቸው አንዱ ነበርና። መጀመሪያ የመረጥኩት የብሪጁን ነው። ሽለላ ጩኸት ነው፤ ይህም ይጮኻል፤ ስለዚህ ይስማማሉ ብዬ። ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ግን አልተስማሙም። በሰርግ ላይ ሲፎክሩ ያየኋቸው፣ ድምፃቸው ዳሱን የሚያናውጥ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ቆም ብለው ሰሙኝና፣ ቆርቆሮ በምስማር ሲፋቅ እንደሚመስላቸው በትሕትና ነግረውኝ ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። በማግሥቱ መቀየሪያውን ወደ አንገት በኩል ገፋሁት። አዛውንቱ ሲያልፉ ምንም አላሉም። እኔም ዝምታውን እንደ ስምምነት ወሰድኩት፤ በሕግ ዝምታ ሁልጊዜ ስምምነት እንዳልሆነ እያወቅሁ።

ሌላው ችግሬ ወፍጮ ነበር። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ክሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ይሰማል። ከቤቴ ጀርባ የነበረው የእህል ወፍጮ ሲነሳ ጊታሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እም የሚል፣ ንብ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የገባች የሚመስል ድምፅ ከሥር ይነሳና ሽለላዬን ይውጠዋል። በዚያ ላይ ሙቀቱ! ላብ የነካው ክር በሳምንቱ ይዝጋል፤ ማለዳ የተቃኘው ጊታር ቀትር ላይ ሌላ ቅኝት ነው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ቆየሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ጥብቅና ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ ነው ስለ ጋሽ ጌታቸው ሕይወት ማንበብ የጀመርኩት። የመጀመሪያው መስመር አስደነገጠኝ። የተወለዱት መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰውየውን ድምፅ በማግኔትና በሽቦ ስፈልግ የተቀመጥኩት እሳቸው በተወለዱበት አገር ላይ ነበር። የሥልጣን ክልሌን ከወንዝ እስከ ወንዝ ለይቼ የማውቅ ዳኛ ይህን አላወቅሁም ነበር።

ይፋት በመካከለኛው ዘመን የወላስማዎች ሡልጣኔት የነበረ፣ ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 እ.ኤ.አ. የዘመቱበት፣ ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት አገር ነው። መገናኛ ሲባል ገበያም ነው፤ ጦር ሜዳም ነው። ጋሽ ጌታቸው ሰባት ወር ሳይሞላቸው ፋሽስት ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ የሰሜን ሸዋ አርበኞችም በራስ አበበ አረጋይ መሪነት አምስቱን ዓመት በየገደሉ ተዋጉ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ፣ ሽለላና ፉከራ የሰርግ ማድመቂያ ብቻ ባልነበሩበት ሰዓት ነው ለዚህች ዓለም ጆሮውን የከፈተው።

ሽለላ ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ስለ ድምፁ ግን ጥቂት ልበል፤ ጉዳያችን እሱ ነውና። ሸላዩ ድምፁን ከጉሮሮው ሳይሆን ከደረቱ ነው የሚያወጣው። ቃሉን ይወረውረዋል፤ መጨረሻው ላይ ያርገበግበዋል፤ ከዚያ ድንገት ይቆርጠዋል። በሁለት ስንኝ መካከል ትንፋሹ ይሰማል። ያ ትንፋሽ ስህተት አይደለም። አድማጩ ተከታዩ ቃል ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚጠብቀው በዚያች እረፍት ነው።

ጋሽ ጌታቸው ሙዚቃን የጀመሩት በክራርና በማሲንቆ ነው። በኋላ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። እኔ ፒክአፕ ሳማርጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ቅደም ተከተል በራሴ መንገድ አነበዋለሁ። ክራር ቆንጆ ነው፤ ግን ክሩ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ እየሞተ ነው የሚሄደው፤ ሽለላ ደግሞ እየጨመረ የሚሄድ ነገር ነው። ማሲንቆ ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ ከሰው ጉሮሮ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በትልቅ አዳራሽ ናስና ከበሮ መሀል ይጠፋል። ክላርኔት ጨዋ ነው፤ ሽለላን ቢናገር እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ የሚናገር ይመስላል። ቴነር ሳክስፎን የጎልማሳ ወንድ ድምፅ በሚኖርበት ከፍታ ላይ ይኖራል፤ ከሸምበቆ የተሠራች ምላሱ በትንፋሽ ትርገበገባለች፤ ነፊው ጉሮሮውን ቢያጠብ ይጠብባታል፣ ቢያገሳ ታገሳለች። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ሸላይን አስቦ አልነበረም። የሆነው ግን ይኸው ነው።

ገና ወጣት ሳሉ፣ በ1941 ዓ.ም. ገደማ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ሲከፈት የቤቱ ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። የዚያ ዘመን የመንግሥት ባንድ ማለት ወታደር ቤት ነው፤ ዩኒፎርም፣ ሰልፍ፣ ኖታ፣ ማርሽ። ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ ሁሉም አንድ ላይ ያርፋል። በዚህ ዲሲፕሊን መሀል ነው እንግዲህ አንድ ሰው ተነስቶ፣ ከባንዱ ፊት ቆሞ፣ በናስ ቱቦ ውስጥ ፉከራ የጀመረው። ሽለላን በዘፋኝ ድምፅ ሳይሆን በመሣሪያ ብቻ ከቀረጹት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ የጀግና ልብስ ለብሰው የሚወጡበት ጊዜም ብዙ ነበር። ይህን ለቱሪስት የተደረገ ጌጥ አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔ አላየውም። ሸላይ ሳይለብስ አይሸልልም።

በውጭ አገር የሙዚቃ ጸሐፊዎች ዘንድ አንድ የተለመደ ንጽጽር አለ። የጋሽ ጌታቸውን አነፋፍ ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማንን ወይም አልበርት አይለርን፣ ማለትም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃዝን ከሕጉ ያወጡትን አሜሪካውያን ያስታውሳሉ። ንጽጽሩ አክብሮት ስላለበት አልከፋበትም። ነገር ግን ጋሽ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን መንፋት የጀመሩት እነዚያ ሰዎች ስም ከማውጣታቸው በፊት ነው። ከሕግ የወጣም ነገር አልነበረም። ሕጉ ሌላ ነበር፤ ሸላዩ ያወጣው ሕግ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፊሊፕስ ኩባንያ እሳቸውን የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ብሎ የሰየመ ሙሉ ሸክላ አሳተመላቸው። «አሃ ገዳዎ» የሚለውን ያላወቀ የዚያ ትውልድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በተረፈ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የሂሩት በቀለን፣ የአያሌው መስፍንን ዘፈኖች አጅበዋል። አጃቢነት በአገራችን ስም የማያስወጣ ሥራ ነው። ዘፋኙ በካሴቱ ሽፋን ላይ ፎቶው ይወጣል፤ ከጀርባው የነፋው ሰው ስም አንዳንዴ እንኳ አይጻፍም። አብዮቱ ከመጣ በኋላ በሰዓት እላፊ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲዘጋ የናስ ባንዶቹም ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ ቀጥሎ የመጣው ኪቦርድ ደግሞ የብዙ ነፊዎችን ወንበር ብቻውን ያዘ። ያን ጊዜ ማለፍ ለአንድ ሳክስፎኒስት ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ወደ ፒክአፑ ልመለስ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ ያለው ጊታር አመጣልኝ። ይህን የፈለሰፈው የጊብሰን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሴዝ ላቨር ሲሆን፣ ጊታሮች ላይ መግጠም የተጀመረው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን ጎን ለጎን አድርጎ በተቃራኒ አቅጣጫ ያገናኛቸዋል፤ ከመስመሩ የሚመጣው እምታ በሁለቱም ሲገባ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሁለት ምስክሮች ቀርበው የተለያዩበት ተሰርዞ የተስማሙበት ብቻ መዝገብ ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። ወፍጮው ቢነሳ አይሰማም። ንጹሕ፣ ወፍራም፣ ለጆሮ የሚመች ድምፅ። ለትዝታ፣ ለአምባሰል፣ ለባቲ ግሩም ነው። ሽለላውን ግን ስጫወትበት የታረቀ ሰው ሆነብኝ። የድምፁ ጠርዝ ተሞርዷል። ጸጥታው ራሱ አስቸገረኝ።

ጊታሪስቶች ሳክስፎንን ሲያሳድዱ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። ቻርሊ ክርስቲያን የተባለው አሜሪካዊ በ1939 እ.ኤ.አ. የቤኒ ጉድማንን ባንድ ሲቀላቀል ጊታሩን እንደ ቴነር ሳክስፎን ለማናገር ነበር የሚሞክረው። ኤሌክትሪክ ጊታር ከኋላ ወንበሩ ተነስቶ ከነፊዎቹ እኩል የቆመው ከሱ በኋላ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ሃያ አምስት ዓመቱ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ስለዚህ ጊታሩ ሳክስፎኑን ይከተላል፤ የይፋቱ ሳክስፎን ደግሞ የሸላዩን ጉሮሮ። እኔ የቅጂ ቅጂ ላይ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሙከራዬ ፒ-90 የሚባለውን አስገጠምኩ። ጊብሰን ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው፣ ከሀምበከር በፊት የነበረ ባለ አንድ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ ድምፁ ከስትራቶካስተሩ ይወፍራል፣ ሲገፉት ያጉረመርማል። የገጠመልኝ ባለሙያ ስሙን አልጠራም፤ ሽቦውን አገለባብጦ ስላገናኘው ሁለት ወር ሙሉ ፒክአፑን ስወቅስ ከርሜ በመጨረሻ ሌላ ሰው አስተካከለልኝ። ሲስተካከል አንገት በኩል አድርጌ፣ አምፕሊፋየሩን ትንሽ ከአቅሙ በላይ ገፍቼ ሞከርኩት። እዚያ ነው። በትክክል አይደለም፤ ግን እዚያ አካባቢ ነው። እምታው ተመልሶ መጥቷል፤ ከሥር ያጉረመርማል። መጀመሪያ አናደደኝ። ከዚያ የፊሊፕሱን ሥራ እንደገና አዳመጥኩ። የጋሽ ጌታቸውን ድምፅ ትንፋሹን፣ የምላሷን ጭረት፣ የጉሮሮውን ጉርምርምታ ቀንሰህ ስማው ብትባል ምን ይቀራል? ኖታ። ኖታውንማ ሸዋ ሮቢት በአንድ ሳምንት አግኝቼው ነበር።

ያን የፊሊፕስ ሥራ እንደገና እንድንሰማ ያደረገን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ 14ኛውን ቅጽ ሙሉ ለሙሉ ለጋሽ ጌታቸው ሰጠው። በ2004 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አይዘር/ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት ከእንግዶቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ ደግሞ የሆላንዱ ዘ ኤክስ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጠራቸው። ዘ ኤክስ የፓንክ ባንድ ነው። ሰባ ሊሞላቸው የቀረበ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ከእነዚህ ጋር ምን ያገናኛቸዋል ያለ ሰው አይፈረድበትም። እሳቸው ግን ሰምተው ሲያበቁ አጃቢዎቼ ሁኑ ብለው የጠየቁት እነሱን ነው። ዕድሜ ልኩን ለሌላው ሲያጅብ የኖረ ሰው በሰባ ዓመቱ አጃቢ መረጠ። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ» ወጣ፤ በ2012 ሁለተኛው ተከተለ፤ በመካከሉ አውሮፓና አሜሪካን አዳረሱ።

«ሞአ አንበሳን» መጀመሪያ ስሰማ በሳክስፎኑ አልነበረም የሳቅሁት፤ በጊታሮቹ ነው። ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር የሚጫወቷቸው ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ቆርቆሮ በምስማር ሲፋቅ የሚመስል ድምፅ ያወጣሉ። ልክ አዛውንቱ ጎረቤቴ እንዳሉት! እኔ ያን ድምፅ በሽለላው ቦታ ላስቀምጠው ሞከርኩ፤ እነሱ ከሽለላው ሥር ዘረጉት። ጊታሮቹ ይቧጥጣሉ፣ ይጎረብጣሉ፤ ሳክስፎኑ በላዩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። ኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ ጀግና። ማንም ማንን ሊመስል አይሞክርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብሪጁን ፒክአፕ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ሌላ ሰው ዜማውን ሲይዝ እኔ የማጅበው በእሱ ነው። ዜማው የእኔ ሲሆን ግን አንገት ላይ ያለው ፒ-90 ነው ምርጫዬ።

ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው አረፉ።

በ2010 ዓ.ም. ለአንድ ጉዳይ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ፒ-90 የተገጠመለትን ጊታርና ትንሽ አምፕሊፋየር መኪናው ውስጥ ይዤ፤ ለምን እንደያዝኩት ባለቤቴ ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። የድሮው ጎረቤቴ ካረፉ ቆይቷል። ልጃቸው ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ማሾና በቆሎ ከተከመረበት ጓዳ ገመድ ስበን አምፕሊፋየሩን ሰካነው። መቀየሪያውን ወደ አንገት ገፍቼ ሽለላውን ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳልደርስ ከጀርባ ወፍጮው ተነሳ። እምታው መጣ። ልጆቹ ጊታሩ የተበላሸ መስሏቸው ገመዱን ሊነቅሉ ተነሱ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና ቀጠልኩ።